ልኩን ያላገኘ ቀበቶ

አስር አለቃ ወጋየሁ ዕድሜውን ሙሉ መሣሪያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው፤ በስተርጅና ግን አንዲት ሽጉጥ አሸነፈችው። የቀድሞው ሠራዊት ሲበተን እሱም አብሮ ተበትኖ፣ ድንጋይ ፈልጦ፣ ሲሚንቶ ተሸክሞ፣ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ላፍቶ ካለ አንድ የእህል መጋዘን የጥበቃ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ። ሽጉጥ ከነአፎቷ ሰጡት። ቀበቶ ግን የራስህ ጉዳይ ነው አሉት።

ቀበቶ ምን ቁም ነገር አለው የሚል ሰው ካለ ሽጉጥ ታጥቆ አያውቅም ማለት ነው። ወጋየሁ ከሳሪስ ገበያ የገዛት ቀበቶ ገና በሳምንቷ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተልፈሰፈሰች። ሽጉጧ ሱሪውን በቀኝ በኩል ወደ ታች ትጎትታለች፣ እሱ በግራ እጁ ወደ ላይ ይሰበስባል። ሲቀመጥ ጎኑን ትወጋዋለች፣ ሲነሣ ዞራ ከኋላው ትገኛለች። ሌባ ቢመጣ ሱሪውን ይያዝ ወይስ ሌባውን? የመጋዘኑ ወዛደሮች በሳቅ ሲፈርሱ ነገሩ አንገበገበውና ቀበቶ ሰፊ ማፈላለግ ጀመረ።

መካኒሳ ወይዘሮ ገበያነሽ ጋ ሂድ አሉት። ገበያነሽ ጫማ ፋብሪካ ሠርታ የወጣች፣ አሁን በረንዳዋ ላይ ቀበቶና የዳዊት ማኅደር የምትሰፋ ሴት ናት። የሳሪሷን ቀበቶ በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አየቻትና ወደ ጎን አስቀመጠቻት።

“ይቺ ሱሪ ትያዝ እንጂ ብረት አትችልም” አለችው። “ለሽጉጥ የበሬ ቆዳ ነው፣ ያውም ድርብ፣ ዳርና ዳሩ በሰም ክር የተሰፋ። ወርዱ የአፎቱን ማስገቢያ ጥብቅ አድርጎ ይሙላው፤ ከላላ ይንሸራተታል። ዘለበቱ ነሐስ ይሁን። መጀመሪያ ቀን ይቆረቁርዎታል፣ ኋላ ግን ገላ ይለምደዋል።”

እሷ ስለ ቆዳ ነበር የምታወራው። ምስኪኑ ወጋየሁ ግን “ገላ ይለምደዋል” ስትል ድምፅዋ ውስጥ የነበረውን ሙቀት ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ብቻውን በሚያድርባት ክፍል ሰው ያናገረው ከመሰለው ብዙ ጊዜው ነበር።

ገበያነሽ ሜትር አትይዝም። ሰውን አንድ ጊዜ አየት ታደርገዋለች፣ ከዚያ መቁረጥ ነው፤ ተሳስታ አታውቅም ይባላል። የቸገረው ታጥቆ መሞከሩ ላይ ነበር። የመጋዘኑ ሽጉጥ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከግቢ አይወጣም፤ ይዞ የሚመጣው አፎቱን ብቻ ነው። ቀበቶ ደግሞ ያለ ክብደት ቢለካ ዋጋ የለውም። መላው የተገኘው ከጎረቤቷ ከቀጄላ ሱቅ ነው። ገበያነሽ የአንድ ኪሎውን የሚዛን ብረት ተውሳ አፎቱ ውስጥ ትከተዋለች፤ አስር አለቃውም ኪሎ ታጥቆ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ይነሣል፣ ያጎነብሳል። እስከዚያ ቀጄላ ለደንበኛው ስኳር በግማሽ ኪሎ ሁለት ጊዜ እየመዘነ ያጉረመርማል።

የመጀመሪያው ቀበቶ ሲያዩት ያስጎመጃል። ሲታጠቁት ግን አንድ ስንዝር ያህል ሰፋ። ኪሎው ቀበቶውን ይዞ እስከ ወጋየሁ ጭን ድረስ ወረደ።

“ሌላ ቀዳዳ ይብሱልኝ” አላት።

“ምላሱ እስከ ጀርባዎ ሊዞር? ልኩ ያልሆነ ሥራ ከእጄ አይወጣም። ቆዳው ለቆብኝ ይሆናል። ለቅዳሜ ይምጡ፣ ሌላ እቆርጣለሁ።”

ቅዳሜ ሌላው ተቆርጦ ቆየው። ሰፋ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው። ገበያነሽ እያፈረች ክረምቱን፣ ቆዳ ፋቂውን፣ እርጥበቱን ወቀሰች። ወጋየሁ ግን በልቡ ዘፈነ። ተሳስታ የማታውቅ ሴት ለእኔ ሲሆን የምትሳሳተው እንድመለስላት ፈልጋ ነው አለ። ከእሁድ ጀምሮ ቅዳሜ ይናፍቀው ጀመር። ዝናብ እየቀጠቀጠው ከላፍቶ መካኒሳ በእግሩ ይመጣል፤ ቀበቶው ልኩ እንዳይሆን እየጸለየ። እንዲህ ያለ ጸሎት የትኛው ታቦት ፊት እንደሚቆም እሱ ነው የሚያውቀው።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራው ነበር። ገበያነሽ ባል አላት፤ ወይም ነበራት። ሞልቱ ይባላል። ወታደር ነበር፣ ሰሜን ዘምቶ ጦሩ ሲፈታ ሳይመለስ ቀረ። መርዶ የነገራት የለም። መርዶ ካልመጣ ልቅሶ አይቀመጡም፣ ልቅሶ ካልተቀመጡ ጥቁር አይለብሱም። ሚስት ትሁን መበለት ሰፈሩም እሷም ሳያውቁ አምስት ክረምት አለፈ። ወጋየሁ ያንን ሽሽት በዓይኑ ያየ ሰው ነው። እዚያ የቀረ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ አንድም ቀን አልነገራትም። ዝም አይነቅዝም።

“አንተ ሰው፣ ቀበቶ ነው ካባ የምታሰፋው?” አለው ቀጄላ አንድ ቀን። “ከምትመላለስብኝ ሽማግሌ ላክ፣ እኔም ኪሎዬን ላግኝ!”

“እርስዎ ይሄዱልኛል?” አለ ወጋየሁ ሳያስበው።

ቀጄላ ሳቁን አቆመና አየው። “ፍልሰታ ሲፈታ እሄድልሃለሁ” አለ።

ጾሙ ተፈታ። ሽማግሌ የሚሄደው እሁድ ነበርና ወጋየሁ በዋዜማው ቅዳሜ ሸሚዙን አስተኩሶ መጣ። ሽማግሌ ከመድረሱ በፊት ልቧን ከራሷ መስማት አለብኝ ብሎ ነበር። አዲሱን ቀበቶ ታጠቀ። ያው ስንዝር። ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

“ወይዘሮ ገበያነሽ” አላት፣ “እንደ እርስዎ ያለ እጅ ይህን ያህል ጊዜ አይሳሳትም። ይንገሩኝ፣ አውቀው ነው አይደል?”

ፈገግ ትላለች ብሎ ጠበቀ። ፈገግ አላለችም። ቀበቶውን ከወገቡ ፈታ ወስዳ በእጇ እየዳበሰች ቆየችና ድንገት ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዘለበቱ የዛገ፣ የወየበ የወንድ ቀበቶ ይዛለች። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋቻቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ናቸው። ቀዳዳዎቹ እንኳ ትይዩ ናቸው።

ገበያነሽ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

“የሞልቱ ነው” አለች። “ደንዳና፣ ወገበ ሰፊ ሰው ነበር። ለሌላው ደንበኛ እጄ ይታዘዘኛል። እርስዎ ግን ወታደር ነዎት፣ ሲቆሙም እንደሱ ነው የሚቆሙት። እርስዎን እያየሁ ለእሱ ነው ስቆርጥ የከረምኩት። ወይኔ! ክረምቱን ሙሉ!”

ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመረችው። ድምፅ አልነበረውም፤ አምስት ዓመት ሙሉ ማንም ያልፈቀደላት ልቅሶ ነበር።

ወጋየሁ ቆሞ ቀረ። የናፈቃቸው ቅዳሜዎች ሁሉ የሌላ ሰው ነበሩ። በዝናብ የመጣው እሱ፣ በረንዳው ላይ የተጠበቀው ሞልቱ። ተናደደ፤ የሚናደድበት ሰው ግን አጣ። በሞተ ሰው ይቀናል እንዴ? ቀንቷል። አዲሱን ቀበቶ ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖረላት።

“ይህን ለእሱ ያስቀምጡለት” አላት። “ሲመጣ ይታጠቀዋል። ለእኔ ሌላ ይቆርጡልኛል።”

ሲመጣ ማለቱን ራሱም ሰማው። አፉን ሞልቶ የዋሸው ያን ቀን ነው፤ አይጸጸትበትም።

ገበያነሽ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ቀና አለች። አየችው። ከትከሻው እስከ ወገቡ፣ ከወገቡ ተመልሳ እስከ ፊቱ፣ መንገድ ላይ እንዳገኘችው እንግዳ ሰው ቀስ ብላ አየችው። ወጋየሁ ትንፋሹን ይዞ ቆመላት።

“ለካ ቀጭን ነዎት” አለችው።