ኤክሱ የሚጠፋበት ርቀት

እስካለፈው ጥር ድረስ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ ሥራ የሆኑ አራት ብስክሌቶች ነበሩ፤ የፋብሪካው ስም ደግሞ በአራት ዓይነት ይጠራ ነበር። ብስክሌቶቹን በጨረታ የሸጠው ሥራውን ጨርሶ የተዘጋ አንድ የቡና ፕሮጀክት ነው። አራቱም ሰማያዊ ናቸው፤ አግዳሚው ብረት ላይ በነጭ የላቲን ፊደል ጂ፣ አይ፣ አር፣ ኢ፣ ኤ፣ ዩ፣ ኤክስ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። ከሰባቱ ፊደላት ብስክሌቶቹን የምንነዳ አራታችንም የተስማማነው በአይና በአር ብቻ ነው።

ባዘዘው ከጎጃም የመጣ የሒሳብ መምህር ነው። «ጊሬውክስ» ይላል። ፊደል ሁሉ የተጻፈው ሊነበብ ነው ብሎ ያምናል፤ በተለይ መጨረሻ ላይ ያለችውን ኤክስ ሲያነብ ጥርሱ መሃል የገባ አጥንት የሚሰብር ይመስላል። ከስልጤ መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ የከፈተው ሙሐመድኑር «ዢሮ» ይላል። ማስረጃው ፔጆ ነው። «ፔጆን ማን ‹ፔውጌኦት› ሲል ሰማህ? የፈረንጅ ፊደል ግማሹ ለጌጥ ነው» ይላል። እኔ የማሻ ልጅ ነኝ፤ ሥራዬ መሬት መቀየስ ነው። «ጂሮክስ» የምለው ጨረታውን የመራው ሰውዬ እንደዚያ ስላለ ነው፤ ሌላ ማስረጃ የለኝም።

አራተኛዋ ንጋቷ ናት፤ ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ የቤንች ልጅ። «ጊሮ» ትላለች፤ ግን እንዲህ ተጽፎ እንደሚነበበው አይደለም። «ጊ»ን ከላይ ትጀምረዋለች፣ «ሮ»ን ወደ ታች ታወርደዋለች፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ላይ ትመልሰዋለች። በቤንችኛ ድምፅ በየደረጃው ከፍና ዝቅ ካላለ ቃሉ ሙሉ አይሆንም።

«እናንተ ስትጠሯት» አለችን አንድ ቀን፣ «ሆስፒታል ካርድ ክፍል ስም የሚጠራ ሰው ትመስላላችሁ። ሁሉም አንድ ደረጃ።»

ክርክሩ ሻይ ቤት ብቻ ቢቀር ጉዳት አልነበረውም። ነገር ግን ፕሮጀክቱ የተወው አንድ ሣጥን መለዋወጫ በጨረታው ከባዘዘው ብስክሌት ጋር አብሮ ተሸጦ ነበር። የሌላ ብስክሌት ዕቃ ለእነዚህ አይገጥምም። ባዘዘውም ለሣጥኑ ደንብ አወጣለት፤ ዕቃ የሚፈልግ ሰው የብስክሌቷን ስም ሳያጎድል ይጠራል፣ ካልጠራ ሣጥኑ አይከፈትም። ሙሐመድኑርና እኔ ዕቃ ስንፈልግ ለአንድ ደቂቃ «ጊሬውክስ» እንልና ዕቃውን ተቀብለን ወደየእምነታችን እንመለሳለን። ንጋቷ ግን አንድ ቀን እንኳን ብላው አታውቅም።

በጥር ወር የቴፒ ብስክሌተኞች ለውድድር ጠሩን። ከሚዛን ተነስቶ ቴፒ መግባት ነው፤ ከየከተማው አራት አራት ሰው። ሰዓቱ የሚያዘው የቡድኑ አራተኛ ሰው መስመሩን ሲያልፍ ነው፤ ማንንም ጥሎ መሄድ ጥቅም የለውም። ቀኑ ቅዳሜ ሆነ፤ እሁድ ንጋቷም የቴፒዎቹ መሪ ይስሐቅም ቸርች ውስጥ መዘምራን ናቸው።

ይስሐቅ የንጋቷ ታላቅ ወንድም ነው። ቴፒ ባጃጅ ይነዳል። አባታቸው ብስክሌቷን ከጨረታ ሲገዙ በእጃቸው የነበረው የእሱ መታወቂያ ስለሆነ ደረሰኙ የወጣው በእሱ ስም ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የነዳቻት ግን ንጋቷ ናት፤ ከቤቷ እስከ ችግኝ ጣቢያው ያለውን ዳገት የምትወጣው በእሷ ነው። ይስሐቅ ስልክ ደወለላት፤ ስልኩ ላይ እየጮኸ ስለሚናገር ሁላችንም ሰማነው።

«ካሸነፋችሁን ብስክሌቷ ያንቺ ናት። አባባ ፊት እፈርምልሻለሁ። ካልሆነ መስመሩ ላይ ብስክሌቷን ለእኔ ትተሽ ትወርጂና በባጃጄ መነኸሪያ አደርስሻለሁ፤ በነፃ!»

«በነፃ የሚለውን ሦስት ሰው መሰከረብህ» አለችውና ዘጋችው። ከዚያ ግን ፔዳሉን በእጇ ደጋግማ ስታሽከረክር አየኋት።

ዓርብ ማታ ብስክሌቶቹን ሙሐመድኑር ሱቅ በራፍ ላይ ስንፈትሽ የንጋቷ የኋላ ማርሽ ወደ ውስጥ ዞሮ አገኘነው። ማርሹን ከብስክሌቷ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ጠሟል። ሣጥኑ ውስጥ አዲስ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን።

«ቲቸር» አለችው ባዘዘውን፣ «ማርሽ የሚይዘውን ብረት ስጠኝ።»

«የምኗን?»

«የጊሮን።»

«እንደዚያ የምትባል ብስክሌት ሣጥኔ አያውቅም።»

«ዢሮ በይውና ገላግይን» አለ ሙሐመድኑር።

«እሷንም አያውቅም» አለ ባዘዘው።

ወደ ንጋቷ ጠጋ ብዬ፣ «አንዴ እኮ ነው፤ ኤክሷን ጨምሪለት» አልኳት።

«ቲቶ፣ አንተን ‹ቲቶክስ› ብዬ ብጠራህ ትዞራለህ?»

አልዞርም። ባዘዘው የሣጥኑን ክዳን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ንጋቷ ብስክሌቷን ወደ መብራቱ አዞረች። ሙሐመድኑር ከሱቁ መዶሻ አውጥቶ ብረቱን ድንጋይ ላይ አቃናው። ጠሞ የተቃና ብረት እንደሚደክም አራታችንም እናውቃለን። እንዲያም ሆኖ መልሰን ገጠምነው።

ቅዳሜ ጠዋት ስምንታችንም አብረን ተነሳን። ቴፒዎች ገና ከከተማ ሳይወጡ እርስ በርስ መሽቀዳደም ጀመሩ። ይስሐቅ በአጠገባችን ሲያልፍ የባዘዘው ብስክሌት ላይ በላስቲክ ገመድ የታሰረውን ሣጥን አየና፣ «ቲቸር፣ እንቁላል ነው የጫንከው?» አለው። ባዘዘው ፔዳሉን ረገጠ፤ እሱ ዳገት ከጀመረ የሚናገረው ሜዳ ላይ ሲደርስ ነው።

የእኛ ዘዴ ሌላ ነበር። ከሁላችን ጠንካራዋ ንጋቷ ከኋላ ሆና ማንም እንዳይቀር ትጠብቃለች። ዘዴው ጥሩ ነበር፤ ጠባቂዋን የሚጠብቅ ሰው አለመመደባችን ብቻ ነው ጉድለቱ።

ከሚዛን ብዙ ሳንርቅ መንገዱ ወደ አንድ ጥልቅ ሸለቆ ይወርዳል፣ ከታች ድልድይ ይሻገራል፣ በማዶው በኩል ደግሞ ይወጣል። ሦስታችን ወርደን፣ ተሻግረን፣ ማዶ ያለውን ዳገት ጨርሰን መታጠፊያው ላይ ስንደርስ ዞር ብንል ንጋቷ የለችም። ቴፒዎች ከፊታችን ተሰውረዋል። ስልክ አወጣን፤ ኔትወርክ የለም። ከዚያ ሙሐመድኑር ባሻገር በወረድንበት ጠርዝ ላይ ትንሽ ሰማያዊ ነገር አየ። ንጋቷ ነበረች፤ ብስክሌቷን ደግፋ ቆማለች። ጮኸችልን። ድምፅ እንደሆነ ሰማን፤ ቃሉ ግን ሸለቆው ውስጥ ቀረ።

«ደክሟት ነው» አለ ባዘዘው።

«ንጋቷ?» አለ ሙሐመድኑር። «አንተን በገመድ ጎትታ የምታወጣ ልጅ ናት!»

ያን ጊዜ ፉጨት መጣ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከፍና ዝቅ የሚል ፉጨት ነው።

«ሴት ልጅ ታፏጫለች እንዴ?» አለ ባዘዘው ደንግጦ።

«ማዶ ከቀረች ታፏጫለች» አለ ከጀርባችን የሰው ድምፅ። ከመንገዱ ዳር የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጡ አንድ እናት ነበሩ፤ እማማ በየነች ይባላሉ፤ ስማቸውን ያወቅነው በኋላ ነው። በየነች ቡናውን ሳይተዉ ጆሯቸውን ወደ ሸለቆው አዘነበሉ። ቤንችኛ በፉጨትም እንደሚነገር ሰምቼ ነበር፤ ቃሉን የሚለየው የድምፁ መውጣትና መውረድ ስለሆነ ፊደሉ ቀርቶ ፉጨቱ ብቻ ቢሰማም ይታወቃል። ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

«የእናንተ ናት?» አሉ በየነች።

«የእኛ ናት እማማ። ምን ሆነች?»

«ጅራቷ ተሰበረ ትላለች። የራሷ አይደለም፤ የብስክሌቷ።»

«ያ ብረት ነው!» አለ ሙሐመድኑር። «ባዘዘው፣ ሣጥኑን ክፈት!»

ባዘዘው እጁን ሣጥኑ ላይ አደረገ። አልከፈተውም።

«የምኗ?» አለ።

የቀለደ መስሎን ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

«ደንብ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ ነን ብለን ከተውነው ነገ ሻይ ቤት ነን እንላለን።»

«አላህን ፍራ ባዘዘው! ልጅቷ ብስክሌቷን ልትነጠቅ ነው!»

«ታዲያ ስሟን ትጥራ! እማማ፣ እባክዎ የምኗ ነው ብለው ይጠይቁልኝ።»

በየነች ቡናውን ማገላበጥ አቆሙ። «ሌላ ብስክሌት አላት?»

«የላትም።»

«ታዲያ ምኑ ጠፋህ?»

«ስሙን ነው የምፈልገው እማማ።»

በየነች እኔን አዩኝ፤ ጤነኛ መሆኑን እንዳረጋግጥላቸው የፈለጉ ይመስለኛል። አላረጋገጥኩም። ሁለት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ አድርገው አፏጩ። ንጋቷ ጥያቄው ከማን እንደመጣ ገብቷታል ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ መልሱ መጣ። ከላይ ጀመረ፣ ወደ ታች ወረደ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ወደ ላይ ተመለሰ።

«ይኸው» አሉ በየነች።

«ምን አለች?»

«ስሙን ነዋ።»

«ትድገመው ይበሉልኝ።»

ተደገመ። ያው ነው፤ አንድም ነገር አልተለወጠም። ባዘዘው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። የፈተና ወረቀት እያረመ ቀይ እስክሪብቶውን የሚያሳርፍበት ቦታ ያጣ መምህር ይመስል ነበር።

«በጂ ነው በጊ የጀመረችው?» አለ በመጨረሻ።

«ፉጨት ውስጥ ጂም ጊም የለም ልጄ።»

«ኤክሱስ?»

ሙሐመድኑር መንገዱ ላይ ቁጭ ብሎ ሆዱን ያዘ። «እንግዲህ ፈልግበት! ውረድና ገደሉ ውስጥ ኤክሱን ፈልግ!»

ባዘዘው በጣም ቀስ ብሎ፣ «ስህተት የለበትም» አለ። ሣጥኑን ከፈተው።

ከዚያ በኋላ ጊዜ የፈጀ ነገር የለም። ሰንሰለቱ የማይሠራ ብስክሌትም ቁልቁለት ይወርዳል። በየነች «ድልድዩ ላይ» ብለው አፏጩላት፤ ንጋቷ ከዚያ ማዶ፣ ሙሐመድኑር ብረቱንና መፍቻውን ኪሱ ከትቶ ከዚህ ማዶ ወረዱ። ድልድዩ ላይ ተገናኙ፣ ብረቱን ቀየሩ፣ አብረው ወጡ። ንጋቷ መታጠፊያው ላይ ስትደርስ በየነችን እጅ ነሳቻቸው፤ ባዘዘውን ግን አላየችውም።

«ንጋቷ፣ እኔ...» አለ።

«ንዳ ቲቸር» አለችው። «ሳወራ ትንፋሼ ያልቃል፤ ትንፋሼን ደግሞ ዛሬ ስምህ ላይ አላባክንም።»

እስከ ቴፒ ድረስ ተያይዘን ሄድን። ሸኮ ከተማን ስናልፍ ሣጥኑን ከባዘዘው ተቀብላ እሷ ጫነችው፤ ፍጥነታችን ያን ጊዜ ጨመረ። ባዘዘው ተቃውሞ አላሰማም፤ ከኋላዋ ተጠግቶ ነዳ።

መጨረሻው መስመር ላይ ስንደርስ ይስሐቅና ሁለት ጓደኞቹ ማንጎ ዛፍ ሥር ለስላሳ ይጠጣሉ። ባጃጁ ተዘጋጅታ ቆማለች፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ብስክሌት ማሰሪያ ገመድ ተቀምጧል። አራታችንም ጎን ለጎን ገባን። ይስሐቅ እያጨበጨበ ተነሳ።

«እንኳን ደህና መጣችሁ! የት ነበራችሁ? ንጋ፣ ውረጂ ውረጂ፤ ነፃ ነው ብያለሁ!»

ንጋቷ አልወረደችም። አንድ እግሯን መሬት ላይ አድርጋ ማንጎው ሥር ያሉትን ሰዎች ቆጠረች።

«አሮን የታለ?» አለችው።

ይስሐቅ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። ጓደኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ማን ቀድሞ እንደሚገባ ሲሽቀዳደሙ አራተኛቸውን አሮንን የት እንደጣሉት የሚያውቅ አልነበረም። ሰዓት የያዘው ሰውዬ የእኛን መዝግቦ የእነሱን ገና እየጠበቀ ነው። አሮን ሲደርስ ብስክሌቱን እየገፋ፣ በሌላው እጁ ሸንኮራ እየበላ ነበር።

ይስሐቅ በሳምንቱ ሚዛን መጥቶ አባቱ ፊት ፈረመ። የባጃጁን ጉዞም አልካደም፤ ንጋቷን እስከ ችግኝ ጣቢያው ወስዶ መለሳት፤ ሂሳብ ሲጠይቃት «በነፃ» አለችው።

የሣጥኑ ደንብ አልተሻረም፤ ተሻሻለ። ዕቃ የሚፈልግ ሰው ስሟን ያፏጫል። ሙሐመድኑር ቶሎ ለመደው፤ እኔ አሁንም መጨረሻው ላይ ሳልመልሰው እቀራለሁ፤ ንጋቷም «አሁን የጠራኸው ሌላ ብስክሌት ነው» ትለኛለች። ባዘዘው ከንፈሩን አሹሎ ነፋስ ብቻ ነው የሚያወጣው። ባለፈው የራሱ ፍሬን ሲበላሽ ሙሐመድኑር ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ፣ «የምኗ?» አለው፤ እስኪያፏጭም ድረስ አልተነሳለትም።

እኔ ቀያሽ ነኝና አንድ ቅዳሜ መሣሪያዬን ይዤ ወደዚያ ሸለቆ ሄድኩ። ንጋቷ ከቆመችበት ጠርዝ እስከ በየነች ማድረቂያ ድረስ ያለው ቀጥታ ርቀት አራት መቶ አሥራ ሁለት ሜትር ነው፤ ፉጨቷም ሳይጎድል ደረሰ። ባዘዘውን በዚያው ጠርዝ አቁሜ በሙሉ ጉሮሮው «ጊሬውክስ» እንዲል አደረግሁ፤ እኔ በመንገዱ ወደ ኋላ እየራቅሁ አዳመጥኩ። ኤክሱ በሰባ ሦስት ሜትር ላይ ጠፋ።