የጋሽ በድሉ ጉርሻ

እኔ ደብሪቱ ሰው ጠልቼ አላውቅም ነበር። አሁን ግን የሰው እጅ ወደ አፍ ሲጠጋ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ።

ባሌን ገበያውን ስትሮክ ሲመታው ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ ምላሱም ተሳሰረ። ከሆስፒታል ስንወጣ ሲስተር አያንቱ ሁለታችንንም አስቀምጣ አስተማረችን። "ቀና አድርገሽ አስቀምጪው። ወፍራም አጥሚት በሻይ ማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ። እንጀራ የለም፣ ሥጋ የለም፣ ጉርሻ የሚባል ነገር የለም! ትን ካለው ወደ ሳንባው ይገባና ይገድለዋል።" ገበያው በደህና እጁ እጄን ጨበጥ አደረገኝ። ገብቶታል።

እንደተባልኩት አደረግኩ። ማለቴ፣ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ግማሹ በአገጩ ይወርዳል። ግን መዋጥ እየለመደ ነበር። "ደብሬ" ማለትም ጀምሮ ነበር።

ጠያቂ ነው ጉድ ያደረገኝ። ቂርቆስ ውስጥ በታመመ ሰው ላይ በር አይዘጋም። ታላቅ ወንድሙ ጋሽ በድሉ ከቄራ ጥብስ አስቋጥሮ መጣ። እጁን እንኳ ሳይታጠብ አልጋው ላይ ዘፍ አለ።

"ምነው እንዲህ ከሳ? በአጥሚት ልትጨርሽው ነው እንዴ?"

"ጋሼ፣ ተከልክሏል። ትን ካለው ይሞታል።"

"ወግጅልኝ! ወንድሜን አጉርሼ ነው ያሳደግኩት። ፍቅርና ጉርሻ ካላስጨነቀ አያምርም!"

ጠያቂው ሁሉ ሳቀ። ጥብሱን በእንጀራ ጠቅልሎ ወደ ገበያው አፍ ሲዘረጋ እጁን ልይዝ ብል በክርኑ ገፋኝ። ቅባቱ በጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ገበያው እኔን አየኝ፣ ወንድሙን አየው፤ ከዚያ አፉን ከፈተ። ወይ ይሉኝታ! የታላቅ ጉርሻ እንዴት ይመለሳል?

ትን አለው። ፊቱ ጠቆረ። ጀርባውን ደብድቤ ባስተፋውም ገሚሱ ወደ ሳንባው ገብቶ ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው።

ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ በድሉ ለለቀስተኛው ያወራል። "የመጨረሻ ጉርሻውን ከእጄ ነው የበላው። ተመስገን፣ እህል ሳያምረው ሄደ።"

"መታደል ነው" ይሉታል። ኤዲያ! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው?

ከዚያ ሳህን ይዞ እኔ ፊት ቆመ። ያው እጅ፣ ያው ጣት። ወጡ የሚንጠባጠብ ጉርሻ አፌ ላይ ደቀነ።

"ብዪ እንጂ ደብሪቱ፤ ከሞተ ጋር አይሞትም። በሞቴ!"

ድንኳኑ ሁሉ አየኝ። አፌን ገጠምኩ።

"በሞቴ!" አለ ደግሞ።

ወጡ ነጠላዬ ላይ ጠብ ጠብ አለ። እጁ ዝሎ እስኪወርድ ዓይን ዓይኑን አየሁት እንጂ አልከፈትኩም።

አይ ገበያው! ይኸው፣ አፍህን መግጠም፣ ይሄን ያህል ብቻ ነበር እኮ።