የእማማ አስማ ቦዬ

አማቴን እማማ አስማን እወዳቸዋለሁ ብዬ በአፌ ተናግሬ አላውቅም። ብናገርም «ደግሞ ምን ፈልገሽ ነው?» ነበር የሚሉኝ። ባላቸው ሞተው ቤቱ ባዶ ሲሆንባቸው፣ ልጃቸው፣ ማለትም ባሌ ሚፍታህ፣ ኩታበር ድረስ ሄዶ ለምኖ ነው ቦንጋ ያመጣቸው። ሱቃችን ከፊት፣ ቤታችን ከኋላ ነው፤ ከቤቱ ጀርባ ደግሞ የለስላሳ ሳጥን የምንከምርበት ጓሮ ነበረን። እማማ ገና ከመኪና እንደወረዱ ጓሮውን አዩና «ይሄን በመሰለ አፈር ላይ ሳጥን ትጭናላችሁ? አላህን አትፈሩም?» አሉ። በማግስቱ ሳጥኖቹ ተነሱ።

ያን ለት አንድ ነገር ተናገሩ። «በእጄ ያበቀልኩትን እስክበላ ድረስ እዚህ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ይሄዳል።» ሚፍታህ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ሴትዮዋን አውቃቸዋለሁ።

ታዲያ የቦንጋ ዝናብ መቼ የኩታበርን ሰው ይሰማል? በመሀረብ ቋጥረው ያመጡት ነጭ ሽንኩርት መሬት ውስጥ በሰበሰ። ቃሪያው ቅጠሉ አምሮ አምሮ፣ ፍሬ ሲይዝ ጠቆረ። በቆሎውን ጦጣ በላው፤ ቆሮቆንዳውን እንኳ አጥራችን ላይ ደርድሮልን ሄደ። አንድ ቀን ልጄ ሀኒያ ከመደቡ ጣቷን የምታህል ካሮት ነቅላ እየሮጠች አመጣችላቸው። እማማ አገላብጠው አዩዋትና «ይቺማ ለአይጥም አትበቃ» ብለው መልሰው ልጅቷን አጎረሷት። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሳቸው ግን አልቀመሷትም።

ጎረቤታችን ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የካፋ ሰው ናቸው። የእማማን መከራ በአጥር ላይ ሲያዩ ከርመው መጋቢት ላይ አንድ ቁራጭ ቦዬ፣ የካፋ ሰው እንደ ድንች ቀቅሎ የሚበላውን ሥር፣ ይዘው መጡ። «ይሄን ይትከሉ። እሱ ዝናብ አይፈራም» አሉ። እማማ ቦዬ የሚባል ነገር በዓይናቸውም አይተው አያውቁ፤ እኔም ገበያ ላይ ቁራጩን እንጂ ከአፈር ሲወጣ አይቼ አላውቅም። ቢስሚላህ ብለው ቀበሩት፣ ረጅም እንጨት አቆሙለት። ያ ሐረግ ሲወጣ! ሰኔ ላይ እንጨቱን ጨርሶ የጣራውን ጫፍ ያዘ፤ በነሐሴ ቆርቆሮውን አለበሰው። ማታ ትተነው ጠዋት ስንመጣ አንድ ክንድ ጨምሮ ነው የምናገኘው። እማማ ሱብሂ ሰግደው ወጥተው ያዩትና «አጃኢብ!» ይላሉ። እኔም ሱቅ ሳልከፍት ሄጄ ማየት ለመደብኝ።

ኅዳር ላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ታኅሣሥ ሲገባ ሐረጉ ከላይ እስከ ታች ደረቀ። እማማ ውሃ አጠጡት፣ አመድ አለበሱት፣ ቁርአን ቀሩበት። ምንም! ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ቡና ለቀማ ማንኪራ ጫካ ገብተዋል። ሌላ ሰው ልጠይቅ ስል «የሞተብኝን በአገር አታስወሪብኝ» ብለው ከለከሉኝ።

ከዚያ እኔ ጉደኛዋ፣ ደረቅ ሐረግ እያዩ ልባቸው እንዳይሰበር ብዬ፣ አንድ ጠዋት ከሥሩ ቆረጥኩት። እንጨቱን ነቅዬ የልብስ ማስጫ አደረግኩት። እማማ ወጥተው አዩ። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «ሚፍታህ፣ ለሐሙስ ትኬት ቁረጥልኝ» ብቻ አሉ።

ሦስት ቀን ለመንናቸው። ኩታበር ማን አላቸው? የተቆለፈ ቤት ነው ያላቸው። ጉልበታቸው ታሞ፣ ውሃ የሚያቀብላቸው ሰው የለ። እኔ ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ ያለ እሳቸው ጭቅጭቅ ቤቱ ቤት አይመስለኝም። ረቡዕ ሻንጣቸውን አስረው በረንዳ ላይ ሲያወጡት ከዘይት ጀሪካኖቹ ኋላ ገብቼ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገብረጊዮርጊስ ከማንኪራ ማር ይዘው ገቡ። ሻንጣውን አይተው «ማን ሊሄድ ነው?» አሉ።

«እማማ ናቸው። ቦዬው ሞቶባቸው። ሐረጉንም የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ሳቁ። ደሜ ፈላ። «ምን ያስቅዎታል ጋሼ?»

«ቦዬ ተኛ ብሎ ለቅሶ የተቀመጠ ሰው አይቼ አላውቅም! ሐረጉ ሥራውን ጨርሶ ነው። ኑ።»

ዶማ ባቀብላቸው እንቢ አሉ፤ ብረት ካቆሰለው ይበሰብሳል። ሹል እንጨት ይዘው ተንበርክከው አፈሩን በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ቡናማ፣ ሻካራ ጀርባ ብቅ አለ። ይኸው ነው ብዬ ነበር። ክንዳቸው እስከ ትከሻ ገባ፣ አሁንም መጨረሻው አልተገኘም። ሚፍታህ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሀኒያ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተደፍታ «ከሥር የተኛ ሰው አለ እንዴ?» አለች። ሁለቱ ወንዶች ተጋግዘው ጎትተው አወጡት። ከሀኒያ ይበልጥ ነበር! ያ የረገምነው ዝናብ ሁሉ ለካ እዚህ ሲጠራቀም ከርሟል። ወላሂ፣ የቆምኩበት መሬት አስፈራኝ።

እማማ አፈሩ ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን አሳረፉበት። «ሱብሃነላህ» አሉ።

«ከሱቅ ሚዛን ላምጣ?» አልኩ።

«አይመዘንም! ዓይን ልታስበዪው ነው?»

ጋሽ ገብረጊዮርጊስ የቦዬውን ራስ ቆርጠው ለብቻ ቅጠል ላይ አስቀመጡት። ከታችኛው ወገን ቆርጬ ቀቀልኩና ትኩሱን ከሚጥሚጣ ጋር አመጣሁ። እማማ እዚያው ጉድጓዱ አጠገብ በሉ። ጣፈጠኝ አላሉም። ሌላ ቁራጭ ጠየቁ።

ጋሽ ያን ራስ አነሱ። «ይሄ አይበላም፣ ወደ አፈር ይመለሳል። እኛ ቤት የቦዬን ራስ የሚመልሰው የተከለው ሰው ነው። ግን ዓመት ይጠበቃል። ማነው የሚጠብቀው?»

ሚፍታህ መሬት መሬት አየ። እማማ እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉና ተቀበሏቸው። ቢስሚላህ ብለው ጉድጓዱ ውስጥ አስቀመጡት፣ አፈር መለሱበት፣ በመዳፋቸው ጠቀጠቁት። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ዘይቱና! ልብስሽን ከእንጨቴ ላይ አንሺልኝ።»

ሮጥኩ። ልብሱ ገና እርጥብ ነበር፤ የማስቀምጥበት ሳጣ እዚያው በረንዳ ላይ ሻንጣቸው ላይ ከመርኩት።