በስሜ የተቆለፈው ካርታ

እኛ ክፍል ውስጥ ዋናውን ካርታ የሚከፍት ሰው መጀመሪያ ይጮኻል። «ገባሁ!» ይላል፤ ሲጨርስ ደግሞ «ወጣሁ!»። የከተማው የውሃ መስመር ካርታ አንድ ፋይል ነው፤ የሚቀመጠውም ሰርቨር በምንለው የቢሮው ዋና ኮምፒውተር ላይ፣ ሁላችንም በምንጋራው ፎልደር ውስጥ ነው። አንዱ ከከፈተው ለሌላው ይቆለፋል። ስለዚህ እንጮኻለን። እንግዳ ሰው ቢሰማን ገበያ የገባ ይመስለዋል፤ ለእኛ ግን የቆየ ደንብ ነው። ከሁላችን ድምፁ የሚብሰው የቧንቧ ጥልቀት የሚለካው ባልደረባችን ነው፤ ጥሩምባ እንለዋለን። እሱ «ገባሁ!» ሲል የግቢው ዘበኛ ቀና ብሎ ያያል።

የአባቴ ግራ ጎን አልታዘዝ ካለው ወዲህ ከሰዓት በኋላ ከቤት እንድሠራ ተፈቅዶልኛል። ለሙከራ ነው የተባለው። ጠዋት ጠዋት አክስቴ ትጠብቀዋለች፤ ከሰዓት እሷም የራሷ ሥራ አለባት። አባዬ ውሃ እንኳ ሲጠጣ ቀና ተደርጎ ካልተያዘ ትን ይለዋል። ፈቃዱ ከተነሣ ወይ ሥራዬን እለቃለሁ፣ ወይ አባቴን ለማላውቀው ሰው አስረክባለሁ። ሌላ መንገድ ፈልጌ አጥቻለሁ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤኑን ከፍቼ የይለፍ ቃሌን አስገባለሁ፤ ከቤቴ እስከ ቢሮው ሌላ ሰው የማይገባበት መተላለፊያ ይከፈትልኛል። የጋራው ፎልደር ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩ ያህል ይታየኛል። ጩኸቱን በስልክ መልእክት ተክቼዋለሁ፤ «ገባሁ» ብዬ ለሁሉም እልካለሁ፣ «ወጣሁ» ብዬ እልካለሁ።

ችግሩ የመስመሩ መቋረጥ ነው። መተላለፊያው በድንገት ሲዘጋ እኔ ውጭ እቀራለሁ፤ ሰርቨሩ ግን መውጣቴን ስላላወቀ ፋይሉን በስሜ ቆልፎ ይጠብቀኛል። ቢሮ ያለ ሰው ሊከፍተው ሲሞክር የሚያየው የእኔን ስም ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት አባዬን ትራስ አስደግፌ ሾርባ እያጠጣሁት ስልኬ ጮኸ። ጥሩምባ ነበር።

«ኧረ ውጪልን እህቴ!»

«ከየት?»

«ከካርታው ነዋ! ቆፋሪዎቹ መንገድ ላይ ዶማቸውን ተደግፈው ይጠብቁናል።»

«ተቋርጦብኛል እኮ። እኔ ውስጥ የለሁም። መልእክት ልኬያለሁ።»

«ስምሽ እዚህ ቁጭ ብሎ እያየኝ የለሁም ትያለሽ?»

«ያለው ስሜ ነው፤ እኔ የለሁም! የሰርቨሩን ባለሙያ ጥራው። እሱ እዚያው ሆኖ ይከፍትልሃል።»

«ኃላፊው ሰምተዋል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ጥሩምባ ድምፁን ዝቅ ካደረገ ነገር አለ ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ቢሯቸው አስጠሩኝ። ተቀመጪ አላሉኝም።

«ፋይል ቆልፈሽ ትተኛለሽ አሉ።»

«ማን አለ ጌታዬ?»

«ኮምፒውተሩ። ስምሽን ጽፎ።»

መስመሩ እንዴት እንደሚቋረጥ፣ ስሜ ለምን እንደሚቀር አስረዳኋቸው። የሰርቨሩ ባለሙያ ከሳቸው ክፍል ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው፤ ይጠየቅልኝ አልኩ። አልጠየቁትም።

«ሰው ቤቱ ሲውል እንዲህ ነው» አሉ። «አልጋው ቅርብ ነው።»

አልጋው ቅርብ መሆኑስ እውነት ነው፤ የተኛበት ግን እኔ አይደለሁም። ይህንኑ ልነግራቸው አፌን ስከፍት ስልካቸውን አነሡ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ፈቃዱም በወሩ መጨረሻ ይነሣል ተባልኩ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!

«አባረሩሽ?» አለኝ አባዬ ከሰዓት ቤት ስገባ ፊቴን አይቶ።

«ገና ነው።»

«ምን አጥፍተሽ?»

«ስሜ ቢሮ ተገኘ፤ እኔ ቤት ተገኘሁ።»

በሚታዘዘው ከንፈሩ ፈገግ አለ። «ታዲያ ለስምሽም ደመወዝ ጠይቂለታ። ሁለት ሠራተኛ ሆናችሁ እኮ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እፈርስ ነበር። ያን ቀን ጎድጓዳ ሳህኑን አንሥቼ ወጣሁ።

ወሩ ሳያልቅ ኃላፊው ጉንፋን ያዛቸውና ቤታቸው ዋሉ። ካርታውን ላፕቶፓቸው ላይ ሊያዩ ከቤት ገብተው ኖሯል። እኔ ጠዋት ስለሆነ ቢሮ ነበርኩ። ጥሩምባ እንደ ልማዱ «ገባሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ወዲያው ደግሞ «አልገባሁም» አለ። ተነሥተን ስክሪኑን ከበብን። ፋይሉ በኃላፊው ስም ተቆልፏል።

ውጡልን ብሎ የሚደውል ጠፋ። ቆልፈው ተኝተዋል ያለም የለም። እኔ ላይ የጮኸው ክፍል በሙሉ በሹክሹክታ ያወራ ጀመር። የሰርቨሩ ባለሙያ ተጠርቶ መጣ፤ በስማቸው የቀረውን ዘጋው፤ ካርታው ተከፈተ። የፈጀው ጊዜ አንድ ሰው እጁን ታጥቦ የሚመለስበትን ያህል ነው።

ኃላፊው ራሳቸው ደወሉ። ጥሩምባ ሁላችንም እንድንሰማ ስፒከሩን ከፈተው።

«የኔትወርክ ችግር ነው» አሉ እየሳሉ። «እኔ ከወጣሁ ቆይቻለሁ። ስም ሲቀር ሰው አለ ማለት አይደለም።»

ያሉት ሁሉ እውነት ነበር። አንጀቴን ያሳረረውም እውነት መሆኑ ነው።

«ጌታዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ። «የእኔም ይኸው ነበር።»

«ያንቺ ሌላ ነው።»

«ምኑ ነው ሌላ?»

እንደገና ሳሉ። ጥሩምባ አንዴ እኔን፣ አንዴ ስልኩን አየ። ከዚያ ዘበኛው በሚሰማው ድምፁ፣ «ጌታዬ፣ እኛ እኮ ስምዎን ስናይ ተኝተዋል አላልንም!» አለ። ከኋላችን አንዷ ሳቋን በመዳፏ አፈነች።

ሳላቸው ረዘመ። «ይሁን፤ ፈቃዷ ይቀጥል» አሉ በመጨረሻ።

«ማስጠንቀቂያውስ?»

«እሱ አንዴ የተጻፈ ነገር ነው።»

ስልኩ ጸጥ አለ።

«ተቋረጠ» አለ ጥሩምባ።

«አልተቋረጠም» አልኩት። «ዘጉት። መቋረጥንና መዝጋትን እኔ ለይቼ አውቃለሁ።»

ባልደረቦቼ እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። በምን? ማስጠንቀቂያው ያልሠራሁት ጥፋት ማስረጃ ሆኖ የሠራተኛ ማኅደሬ ውስጥ ተቀምጧል፤ የሳቸው ጉንፋን ባይኖር ኖሮ አባቴ ዛሬ በባዕድ እጅ ነበር።

ከሰዓት ቤት ገብቼ አባዬን ትራስ አስደገፍኩትና የሾርባውን ማንኪያ በአንድ እጄ እንደያዝኩ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

«ዛሬ ገባሁ ብለሽ አትልኪም?»

«ቆይ አባዬ። መጀመሪያ የምጽፈው ማመልከቻ አለኝ።»

«ለማን?»

«ለኃላፊው። ማስጠንቀቂያውን እንዲያነሡ።»

«ፈቃዱ ቀጥሎልሻል አላልሽም? እምቢ ካሉስ?»

«ከሳቸው በላይ ላለው እጽፋለሁ።»

ማንኪያውን በደህና እጁ ከእጄ ወሰደና ሳህኑ ጎን አስቀመጠው።

«ጻፊ» አለኝ። «ሾርባው ይቆይ።»