ቅዳሜን ፍለጋ

ኪዳነወልድ የውሃ ሽታ ሆኖ ከቀረ ወራት አለፉ። አሥራት ግን ሞኝ ነው፤ ሞኝ ስል ታዲያ በፍቅር ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሸሚዙን ቀይሮ ከሰበታ ፒያሳ ድረስ ይሄዳል። ሚኒባስ ተጋፍቶ እስከ አየር ጤና፣ ከዚያ ሌላ ተሰልፎ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ። ድሮ ከኪዳነወልድ ጋር የሚቀመጡበት ካፌ ይገባል፣ ግድግዳውን ተደግፎ ይቀመጣል፣ ጠቆር ያለ ማኪያቶ ያዝዛል። ከፊቱ ያለውን ወንበር ሊወስድ የመጣውን ሁሉ «ሰው አለው» ይለዋል። ሰው የለውም። አስተናጋጇ እንኳን ይህን አውቃ ወንበሩን ትጠብቅለታለች።

ሁለቱ የአንድ ግቢ ልጆች ናቸው። አሥራት ጫማ ሠሪ ነው። ጠጋኝ አላልኩም፤ ሠሪ። ቆዳውን ራሱ ቆርጦ፣ በእግር ቅርጽ የተጠረበ ፎርማ ላይ ወጥሮ፣ በወስፌና በሰም ክር የሚሰፋ። ኪዳነወልድ ነጋዴ ነው፤ መጀመሪያ ሚስማር፣ ኋላ ቆርቆሮ፣ አሁን ደግሞ ብረት በመኪና ሙሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ሁለቱም ሥራ አልነበራቸውም። ማኪያቶ፣ አንድ ቦንቦሊኖ ለሁለት፣ ከዚያ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ማማት ነው። አሥራት ስፌቱን ያማል። ኪዳነወልድ ደግሞ ታኮው በየት በኩል እንደተበላ አይቶ ሰውየው የት ሰፈር እንደሚኖር፣ ሲያመሽ ሚስቱ ምን እንደምትለው ሳይቀር ይናገራል። ከሳቅ ብዛት ማኪያቶው በአፍንጫቸው የሚወጣበት ጊዜ ነበር። ይኸው ነው፤ ሌላ ቁም ነገር አልነበራቸውም። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ሰው ከተማ የሚኖረው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው?

አብረው ያደጉበት ሰፈር ሲፈርስ አሥራት ሰበታ ተከራየ፤ ኪዳነወልድ ሱሉልታ ያሠራው ፎቅ አልቆለት ገባ። አንዱ ከከተማው በታች፣ አንዱ ከከተማው በላይ። «ምን ችግር አለ፣ ቅዳሜ መሀል ላይ እንገናኛለን» ያለው ኪዳነወልድ ራሱ ነው። መጀመሪያ መጣም። ከዚያ ጉንፋን ያዘኝ አለ፣ ከዚያ ለቅሶ አለብኝ አለ፣ ከዚያ ስልክ ማንሳቱንም ተወው።

«ትቶሃል፤ አንተም ተወው» ትለዋለች ሚስቱ ብርቅዬ።

«ሱሉልታ ብርድ ነው። እግሩን አሞት ይሆናል።»

«እግሩን ያመመው ሰው ስልክ የሚያነሳው በእጁ ነው።»

አሥራት ሄዶ ቆዳ ገዛ።

ኪዳነወልድ የቀኝ እግሩ አውራ ጣት ሥር ወጣ ያለች አጥንት አለችው፤ የሱቅ ጫማ ሁሉ እዚያች ላይ ይገድለዋል። አሥራት የእሱን ፎርማ ለብቻው ነው ያስቀመጠው፣ የአጥንቷን ቦታ በቆዳ ቁራጭ አሳብጦ። ሰፈሩ ሲፈርስ አልጋውን ሸጦ ያንን ፎርማ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ የወጣ ሰው ነው። ከቁርጭምጭሚት ከፍ የሚል ቡናማ ጫማ ወጠረበት፤ ውስጡን የበግ ጸጉር አለበሰው። ሌላ ሰው ያዘዘውን ሥራ ሁሉ ዛሬ ነገ እያለ አቆየ። ሲሰፋ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚናገረውን እያጠና ነው። ወቀሳ የለም፤ ለምን ቀረህ፣ ለምን ስልክ አታነሳም የለም። ጫማውን አጥልቆለት «ቅዳሜያችን ይመለስ» ብቻ ሊለው ነው። ሌላ ከዚህ ዓለም የሚፈልገው ነገር እንደሌለ ብርቅዬም ታውቃለች፤ ለዚህም ነው የምትናደደው።

እሁድ ሄደ። ከአዲሱ ገበያ «ሱሉልታ፣ ጫንጮ!» የሚለው ሚኒባስ ውስጥ ጫማውን ጭኑ ላይ አቅፎ ተቀመጠ። ቤቱን ያውቀዋል፤ መሠረቱ የወጣ ቀን አብሮ ነበር። በሩን የከፈተለት ጥበቃ ግን አዲስ ሰው ነው።

«አከም ጅርቱ፣ ኦቦ። ማንን ፈልገው ነው?»

«ጓደኛህ መጥቷል በለው» አለ አሥራት፤ አፉን ሞልቶ ነው ያለው።

በረንዳው ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ጥብስ አለ፣ ቢራ አለ፣ ሱፍ የለበሰ አለ። ኪዳነወልድ መሀላቸው ነው፤ ወፍሯል፣ አምሮበታል። አሥራትን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ።

«አቶ አሥራት! ደህና ነዎት? ይግቡ፣ ይግቡ እንጂ።»

አሥራት ልቡ በደስታ ልትወጣ ደረሰች። ምን መሰለው መሰላችሁ? ቀልድ መሰለው። ወጣት ሳሉ የካፌ አስተናጋጅ ፊት እርስ በርስ «እርስዎ» እየተባባሉ ባለሥልጣን መምሰል ጨዋታቸው ነበር። አንዱ ሲጀምር ሌላው መከተል አለበት፤ መጀመሪያ የሳቀ ሂሳብ ይከፍላል። እንግዲህ ይኼ ምስኪን፣ ኪዳነወልድ ጨዋታውን የጀመረ መሰለውና ደረቱን ነፋ።

«ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ሆድዎ ደግሞ ሹመት አግኝቶ የለም እንዴ!» አለና ቦርጩን መታ መታ አደረገለት።

የሳቀ የለም። ኪዳነወልድ የአሥራትን እጅ ከሆዱ ላይ ቀስ ብሎ አነሳው፤ ጉንጩ ቀላ። ሱፍ የለበሰው ሰውዬ ብርጭቆውን ይዞ አንዴ አንዱን አንዴ ሌላውን ያያል። አሥራት የሠራውን ስህተት ያን ጊዜ አወቀው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ጫማ ሠሪዬ ናቸው» አለ ኪዳነወልድ ወደ እንግዶቹ ዞሮ። «ከጥንት ጀምሮ እሳቸው ናቸው የሚሠሩልኝ። ተጫዋች ሰው ናቸው።»

ውሸት አይደለም። እኔን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው፤ አንዲት ቃል አልዋሸም። አንድ ብርድ ልብስ እየተጋፈፉ ያደጉትን፣ የአንዱን እናት ሌላው የቀበረውን፣ ያን ሁሉ ዘመን «ጫማ ሠሪዬ» ብሎ ተገላገለው።

አሥራት ጫማውን ከፌስታል አውጥቶ ሰጠው። ያጠናው ንግግር ከአፉ ጠፋ። ኪዳነወልድ «እግዜር ይስጥልን» ብሎ ተቀበለና ጠረጴዛው ላይ አኖረው፤ እግሩ ላይ አልሞከረውም። አንስቶ ያገላበጠው ሱፍ የለበሰው ነው፤ ኢንጂነር እውነቱ ይሉታል።

«ሙሉ በሙሉ በእጅ ነው?» አለ ስፌቱን በጣቱ እየዳሰሰ። «እንዲህ ያለ ጫማ አባቴ እግር ላይ ነበር የማየው። ለእኔም ቢሠሩልኝ?»

ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእውነት አድንቆ ነው። አሥራት ግን ኪዳነወልድን ነው ያየው። አንድ ቃል፣ «ተዉት፣ ዛሬ እንግዳዬ ነው» የምትል አንዲት ቃል ጠበቀ።

«ምን ችግር አለ» አለ ኪዳነወልድ። «ይለኩላቸው፣ አቶ አሥራት።»

ሜትር ሁልጊዜ ኪሱ ውስጥ አለ። ተንበረከከ። ዕድሜ ልኩን ሰው እግር ሥር ተንበርክኮ ለክቷል፤ ሥራው ነው፣ አንድም ቀን አሳፍሮት አያውቅም። ያን ቀን ግን አፈረ። ጓደኛው ከበላዩ ቆሞ ስለ ብረት ዋጋ ሲያወራ፣ እሱ ከታች ሆኖ የማያውቀውን ሰው ካልሲ ይዞ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አቧራ የገባበት መስሎ በክንዱ ጠረገው። ብላ ጠጣ ሲሉት መንገዱ ሩቅ ነው ብሎ ተነሳ።

ኪዳነወልድ ሊሸኘው አብሮት ወረደ። ይህ የአሥራትን ልብ ትንሽ መለሰው። እንግዳ ፊት አፍሮ ነው አለ በሆዱ። ለብቻችን ስንሆን ትከሻዬን መትቶ «አንተ ሰይጣን፣ ሳይደወል ይመጣል?» ይለኛል አለ። እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ፤ ተስፋ አይቆርጥም።

በሩ ጋ ደረሱ። ጥበቃው ወደ ጓሮ ሄዷል፤ በረንዳው እዚያ ማዶ ነው። የሚያያቸውም የሚሰማቸውም ሰው አልነበረም።

«ኪዳኔ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ቅዳሜስ?»

ኪዳነወልድ የበሩን እጀታ ያዝ አደረገ።

«ቅዳሜ ይደርስልዎታል? እንግዲያው ጥሩ ነው፤ ኢንጂነሩም ቅዳሜ እዚሁ ናቸው። ይዘውላቸው ይምጡ።»

አሥራት ፊቱን አየው። ቀልድ ፈለገበት፤ አላገኘም። ሐፍረት ፈለገበት፤ እሱንም አላገኘም።

«እሺ» አለ። «ይዤላቸው እመጣለሁ፣ አቶ ኪዳነወልድ።»

ኪዳነወልድ አመሰገነውና በሩን ዘጋ።