የዓለም ጧፍ

ዓለምጸሃይ ጊዮርጊስ አጥር ሥር ጧፍ መሸጥ ከጀመረች ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል። ጧፏ ንጹሕ የንብ ሰም ነው፤ እንደ ፓራፊን ሻማ አያጨስም። መጠቅለያው ላይ “የዓለም ጧፍ” የሚል ጽሑፍና ሁለት ርግቦች አሉ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንዲት ደንበኛዋ ጥላሸት የነካ ነጠላዋን ዘርግታ፣ “እትዬ ዓለም፣ እርስዎም ፓራፊን ጀመሩ? በእግዜር ቤት?” አለቻት።

ዓለምጸሃይ ሴትዮዋ የያዘችውን የጧፍ ጥቅልል ተቀብላ አየችው። ስሙ የእሷ፣ ርግቦቹም የእሷ። ሰሙ ግን የእሷ አይደለም።

ባለቤቱን ፍለጋ ሩቅ አልሄደችም። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ጋ የክርስትና ልጇ ሉልሰገድ ሱቁን በዚያው ጥቅልል ሞልቶታል። ጧፍ መሥራት ያስተማረችው እሷው ናት።

“ምነው ልጄ? ስሜን?”

“እማማ፣ አገሩ ላይ ዓለም የሚባል እርስዎ ብቻ ነዎት? ወረቀት አለዎት?”

ንግድ ፈቃዷን ከቦርሳዋ አወጣች። ሉልሰገድ ወደ ገበያተኛው ዞሮ ሳቀ። “ይሄማ መነገጃ ነው! እኔም አለኝ።”

ማታ እህል አልወርድላት አለ። ልጇ ፀደንያ፣ “እማዬ፣ እሱስ እውነቱን ነው” አለቻት። “ንግድ ፈቃድ የንግድ ምልክትሽን አይጠብቅልሽም። ምልክት ለብቻው አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄደው ነው የሚያስመዘግቡት። ፍጠኚ፤ ከቀደመሽ በገዛ ስምሽ ከልካይ ይሆንብሻል።”

በማግስቱ አመለከተች። ምልክቷ “ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ” ተብሎ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ሉልሰገድ ግን ከኳስ ወሬ በቀር ጋዜጣ አይገልጥም። የመቃወሚያው ቀን አለፈ።

የነፍስ አባቷ “ይቅር በይው” ሲሏት፣ “ምስክር ወረቀቱ ይውጣልኝና፣ አባ” አለች።

ወጣላት። ያን ቀን ግን ሉልሰገድ ሱቅ ድርሽ አላለችም። እስከ ሚያዝያ ጊዮርጊስ ዋዜማ ድረስ ጠበቀችው። ሱቁ እስከ ጣሪያው ሲሞላ፣ ገበያተኛው ሲጋፋ፣ ምስክር ወረቀቷንና የጠበቃ ደብዳቤ ይዛ ከፀደንያ ጋር ከተፍ አለች።

“ወይ ስሜን ከላዩ ትልጣለህ፣ ወይ ፍርድ ቤት እንገናኛለን።”

ሉልሰገድ አነበበና አመድ መሰለ። “የክርስትና እናቴ ነዎት እኮ! የነገን ብቻ ልሽጥ። ስለ ጊዮርጊስ!”

“ስለ ጊዮርጊስ ነውማ። ላጥ።”

በሰው ፊት ይልጥ ጀመር። አንዷ የተላጠውን አንስታ አሸተተችና፣ “ውይ፣ ፓራፊን!” ብላ ጥላው ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ዓለምጸሃይ ወንበሩን ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

ደወል ተደወለ።

“እማዬ፣ ጸሎቱ ሊጀመር ነው” አለች ፀደንያ።

“ሂጂ አንቺ። ይሄ ገና ሁለት ካርቶን ይቀረዋል።”