እኔ ነኝ ያጠፋሁት

«ልቤስ ደህና ነው፤ እኔን የያዘኝ ደም ግፊት ነው» አልኳት፣ እጅጌዬን እየሰበሰብኩ።

ልጅቷ ደነገጠች። በሱቄ መስኮት የዘረጋሁላትን ክንዴን አየችና ፋይሏን ደረቷ ላይ ለጠፈች።

«አይ እትዬ፣ ሐኪም አይደለሁም። የወንጀል ሥነ ልቦና ነው የማጠናው።»

«ልብ አላልሽም?»

«ሥነ ልቦና ነው ያልኩት።»

እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ። ከቃሉ ውስጥ የማውቀውን ቁራጭ ይዤ ብሮጥ አይፈረድብኝም። ደግሞ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገት ላይ ሱቅ ይዞ ለሚውል ሰው፣ ጫማዋ አቧራ ያልለመደ፣ ፋይል ያቀፈች ልጅ ወይ ከጤና ጣቢያ ናት ወይ ቆጣሪ ልታነብ የመጣች ናት። እጅጌዬን መለስኩና በርጩማ አወጣሁላት።

ስሟ ሔራን ነው። ከሲ.ኤም.ሲ. ድረስ በሁለት ታክሲ ነው የመጣችው። ሁለተኛ ዲግሪዋን እየተማረች ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፏ ሆን ብለው እሳት ስለሚለኩሱ ሰዎች ነው። ለእሱ ነው የጎረቤቴን የጋሮማን ጠባይ ልትጠይቀኝ የመጣችው።

ጋሮማ ያን ቀን ፖሊስ ጣቢያ ከገባ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ከሰፈራችን በላይ ያለውን ደን አቃጥሏል ተብሎ ነው የታሰረው። እንግዲህ ጋሮማ ማለት ችግኝ ተካይ ነው። አባቱ እዚሁ እንጦጦ ጥግ ላይ ገብስ ያርሱ ነበር፤ መሬቱ ቤት ሲሆን እሱ ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረ። ያን ዳገት ክረምት በመጣ ቁጥር በጉልበቱ እየዳኸ የሚተክለው እሱ ነው። አቃጥሏል የተባለው የራሱን የአሥራ አንድ ዓመት ሥራ ነው ማለት ነው።

ሔራን ቅጿን አወጣች።

«ልጅ እያሉ እንስሳ ያሠቃዩ ነበር?»

«ማን? ጋሮማ? አንድ አህያ አለችው። ዳገቱ ሲከብዳት ጭነቷን እሱ ተሸክሞ፣ እሷ ባዶዋን ከኋላው ስትንጎማለል አይቻለሁ። ማን ማንን እንደሚያሠቃይ እንግዲህ አህያዋን ጠይቂያት።»

ፈገግ ልትል አለችና ተወችው።

«አልጋቸው ላይ… ይሸኑ ነበር?»

ሚዛን ላይ የነበረውን ስኳር መልሼ ጆንያው ውስጥ ደፋሁት።

«አንቺ ልጅ፣ የሃምሳ አራት ዓመት ሰው ነው። ፍራሹን ያሰጣሁለት እኔ ነኝ እንዴ?»

«ይቅርታ እትዬ። አሁን ብዙ ተመራማሪ አይቀበለውም፤ ግን ቅጹ ላይ አለ።»

«የማይቀበሉት ከሆነ ቅጹ ላይ ምን ይሠራል?»

የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች እግዜር ይወቅ።

እኔ በጨዋታ የሚያልፈውን ነገር በጨዋታ ማሳለፍ እወዳለሁ። የጋሮማ ነገር ግን በጨዋታ አያልፍም። ስለዚህ ቅጹን አስቀምጪውና ስሚኝ አልኳት። ነገርኳት።

ቅዳሜ ነው፣ ቀትር ላይ። ከችግኝ ጣቢያው በላይ ጭስ ታየ። ነፋሱ ወደ እኛ ነበር፤ ትንሽ ቢገፋ ከላይ ያሉት ቤቶች እንጨትና ጭቃ ናቸው፣ አይተርፉም። ማን እንደለኮሰው የሚያውቅ የለም። ሁላችንም ታች ሆነን «ኧረ እሳት! ኧረ ስልክ ደውሉ!» ስንባባል ጋሮማ እርጥብ ቅርንጫፍ ቆርጦ ገባበት። ብቻውን። እኔ ጄሪካን ተሸክሜ እያለከለክሁ ስደርስ እሳቱ ሞቷል፤ እሱ ጉቶ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ቅንድቡ የለም።

«ወለቴ፣ ዘገየሽ፤ ውኃሽን ራስሽ ጠጪው» አለኝ። ጠቁሮ ጥርሱ ብቻ ነው የሚታየው። ለሚስቱ ለዳርቱ ልነግራት ቁልቁል ስወርድ ፖሊሶቹ ወደ ላይ ሲወጡ ተላለፍን። የሚሸልሙት መስሎኝ ነበር።

ሔራን ራሷን ነቀነቀች። ግን የማዘን አይደለም፤ እንደሚያውቅ ሰው ነው የነቀነቀችው።

«ይሄ የታወቀ ነገር ነው እትዬ። እሳት ከሚለኩሱት አንዳንዶቹ ለማጥፋትም ቀድመው የሚደርሱት ራሳቸው ናቸው። መመስገን ይፈልጋሉ።»

«እ? ካጠፋ ለኩሷል ማለት ነው?»

«ሁልጊዜ ሳይሆን…»

«ቆሞ ቢያይስ ኖሮ?»

በቀስታ፣ «እሱም ለብቻው መጠይቅ አለው» አለች።

ደሜ ፈላ። እንግዲህ ደም ግፊት አለብኝ ብያታለሁ። «እኔም ጄሪካን ይዤ ሄጃለሁ፤ እኔንም ጻፊኛ! ሰፈሩን በሙሉ ጻፊው! የዳነ ሁሉ ተጠርጣሪ ነው በይ!»

«እትዬ፣ ይረጋጉ። እኔ ብቻ ሳልሆን ሰውየው ራሳቸው አምነዋል እኮ። ቃላቸው እጄ ላይ አለ።»

«የት?»

ለምርምር ተብሎ የተሰጣትን ኮፒ አወጣች። ማሳየት እንደሌለባት ታውቃለች፤ ፊቷ ይናገራል። ግን እኔም ፊት አለኝ። አነበበችልኝ።

«‹እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሌላ ሰው አልነበረም። ማንም አላገዘኝም።› ከዚያ የመርማሪው ማስታወሻ አለ፦ ‹ቃሉን ሲሰጥ ፈገግ ይል ነበር፤ ጸጸት አይታይበትም።› ቅጼ ላይ ለጸጸት ዜሮ የሞላሁት በዚህ ነው።»

«ታዲያ አጠፋ አይደል?» አልኳት።

«እኮ፣ አምነዋል።»

«አጠፋ ነው የምልሽ!»

«እኔም እሱን ነው የምለው፣ አጥፍተዋል።»

«እሳቱን! እሳቱን ነዋ ያጠፋው!»

እስክሪብቶዋ ቆመ። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፣ እንደገና አራቀችው፣ እንደገና አነበበችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እኔ ሻይ ቅጠል ልትገዛ የመጣች ደንበኛ ሸኘሁ፤ ሔራን ገና እዚያው መስመር ላይ ናት።

«ምኑን እንዳጠፉ አልተጻፈም» አለች በመጨረሻ። «ማንም ‹ምኑን?› ብሎ አልጠየቃቸውም። ለምን እንደሆነም አልጠየቃቸውም። አንድ ጥያቄ እኮ ነው።» ከዚያ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠችና ቀና ብላ አየችኝ። «እትዬ… ሙሉ ስምዎ ወለተሥላሴ ነው እንዴ?»

«ምነው?»

«አንደኛ ምስክር ነዎት።»

«አዎ፣ ሄጄ መስክሬለታለሁ። በማግሥቱ፣ እሑድ።»

«‹ሲያጠፋ በዓይኔ አይቻለሁ› ይላል።»

ባንኮኒውን ያዝኩ። ያ መርማሪ ያን ቀን ወንበር ስቦልኝ፣ «እንደርስዎ ያለ እውነተኛ ጎረቤት ይብዛ» ብሎ እጄን ሲጨብጠኝ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው ብዬ ለሰፈሩ ሁሉ አውርቻለሁ። ለካ ጎረቤቴን በገዛ አፌ አስሬው ነው የተመለስኩት! ለዳርቱማ «አይዞሽ፣ እኔ ተናግሬለታለሁ» ብያት በሰላም ተኝቻለሁ።

ዳርቱ ራሷ በዚያው ሰዓት ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ ብቅ አለች፤ ወደ ጣቢያ ልትሄድ ነው። ሁሉንም ነገርናት። አልጮኸችም፤ ምሳ ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አጠበቀች።

«እሱ እኮ በየቀኑ ‹ያጠፋሁት እኔ ነኝ› ይላቸዋል» አለች። «እነሱም ‹አዎ፣ እሱንማ ጽፈነዋል› ይሉታል። ‹እኔ አልለኮስኩም› ሲል ደግሞ ‹ቃልህን ካድክ› ይሉታል።»

ሔራን ድንገት ወደ እሷ ዞረች። «እትዬ ዳርቱ፣ በቤታችሁ ቋንቋ፣ በኦሮምኛስ? እሳት ማጥፋትና ጥፋት ማጥፋት አንድ ነው?»

«ኧረ አይደለም። እሳት ሲሆን ‹ዳምሴ› ነው። የበደለ፣ ያበላሸ ሰው ‹በሌሴ› ይላል። ምን አገናኛቸው?»

ቅጿን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ አጥፋ ስል አጣጥፋ ማለቴ ነው፤ ከእንግዲህ በዚህ ቃል መጠንቀቅ አለብኝ። ሱቄን ዘጋሁ። ሦስታችን በአንድ ታክሲ፣ እኔ መሐል።

መርማሪው ምንያህል ይባላል። ከልጄ አይበልጥም። ሲያየኝ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ።

«አልቀመጥም» አልኩት።

ሔራን ከዩኒቨርሲቲ ያመጣችውን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አደረገች፤ ነገሩንም በሥርዓት አስረዳችው። እሱ ፋይሉን ገልጦ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ተነቦለት ነው የፈረመው። አንድም ቃል አልጨመርንበትም።»

«አልጨመራችሁም» አልኩ። «ችግሩ እሱ ነው። ፊቱ ጠቁሮ፣ ቅንድቡ ተቃጥሎ፣ እርጥብ ቅርንጫፍ እንደያዘ እያያችሁት ምኑን ብላችሁ አንዲት ቃል አልጨመራችሁም!»

«እናቴ፣ እሱስ ለምን እሳቱን አላለም?»

«እሳት ላይ ቆሞ? አንተ ውኃ ውስጥ ሆነህ ‹በውኃ ረጠብኩ› ትላለህ?»

በሩ ላይ የቆመችው ሴት ፖሊስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰኚ ትባላለች፤ ኋላ ነው ስሟን ያወቅኩት።

ጋሮማን አመጡት። ከስቷል። ቅንድቡ እንደ ችግኝ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። እኔን ሲያይ «ወለቴ፣ አሁንም ዘገየሽ» አለኝ፤ ልስቅ ብዬ አልወጣልኝ አለ፤ ዓይኔ ነው የረጠበው።

«ጋሽ ጋሮማ» አለችው ሔራን፣ «ያን ቀን ያደረጉትን በኦሮምኛ አንድ ጊዜ ይንገሩን።»

ግራ ገባው። ምንያህልን አየ፣ ዳርቱን አየ።

«አነቱ ዳምሴ» አለ።

ምንያህል ሰኚን አያት።

«እሳቱን አጠፋሁ ነው የሚለው» አለች ሰኚ። «ሌላ ትርጉም የለውም። ዳገቱን አበላሸሁ፣ በደልኩ ቢል ‹በሌሴ› ነበር የሚለው።»

«ለዘጠኝ ቀን ይሄ ሰው በዚህ ቋንቋ አላናገረሽም?» አላት ምንያህል፣ ጥፋቱን ወደ እሷ ለመግፋት እየሞከረ።

«አናግሪው አልተባልኩም።»

እኔ ብዙ የምለው ነበረኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በአባታቸው ዕድሜ ያለን ሰው «አንተ» እያሉ፣ ፈገግታውን ጸጸት ማጣት ብለው እየመዘገቡ! ሰፈር አድኖ ፈገግ ያላለ ሰው መቼ ፈገግ ይበል? ሔራንም አልቀረላትም፤ አንገቷን ደፍታ ከቦርሳዋ ያንን ቅጽ አወጣችና፣ ዜሮ የሞላችበትን ቦታ ደጋግማ ሰረዘችው፣ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

ምንያህል አዲስ ወረቀት አወጣ። ቃሉን እንደገና ሊቀበል ነው፤ የእኔንም። «ከዚያ ለአለቃዬ አቀርባለሁ፤ ዛሬውኑ ይታያል» አለ፣ ቀና ሳይል። ቀኑን ጻፈ። የጋሮማን ስም ጻፈ። ከዚያ እስክሪብቶው ቆመ፤ አንገቱን አሻሸ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰውየውን ዓይን ለዓይን አየው።

«እንግዲህ… ጋሽ ጋሮማ» አለ፣ «እኛም አጥፍተናል።»

ጋሮማ ገና ብቅ ያለ ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

«ምኑን?»